የፋቅሁት ቅጠል

ፈሪ ነኝ። ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ልናገርና ይውጣልኝ። ዓለም ከተማ ገበያ ዳር ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የብራና መጻሕፍት እደጉሳለሁ፤ የተፈታውን እሰፋለሁ፣ የተቀደደውን እጠግናለሁ፣ ሽፋኑ የተሰበረውን አዲስ እንጨት አበጅቼ ቆዳ አለብሳለሁ። ሥራውን የወረስሁት ከአባቴ ነው። ፍርሃቱን ከማን እንዳመጣሁት እንጃ። አባቴ እንደሆነ ጅብ በዱላ የሚያባርር ሰው ነበር።

ይህን ሁሉ ጣጣ የጎተተብኝም ፍርሃት ነው። መጀመሪያ የፈራሁት ደግሞ፣ ሳቁብኝ፣ ብርድ ነው።

በእኛ ዘንድ መጽሐፍ ወደ ደጓሽ አይሄድም፤ ደጓሹ ነው ወደ መጽሐፉ የሚሄደው። ወስፌህንና ጅማትህን ይዘህ ትወጣለህ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቁጭ ብለህ ትሠራለህ፣ ካህናቱ እየተፈራረቁ እጅ እጅህን ያያሉ፣ ሲመሽ መጽሐፉ ተመልሶ ዕቃ ቤት ይቆለፍበታል። ክፉ ልማድ አይደለም። ስንቱ መጽሐፍ ላንድ ሳምንት ተብሎ ወጥቶ በዚያው ቀርቷል።

ያን ዓመት ጥምቀት እንዳለፈ ከመንዝ ሰው ተላከብኝ። ከቀየት አልፎ ጓሳ አፋፍ ላይ ባለ አንድ ቤተ ክርስቲያን የሐዋርያው መልእክታት ያሉበት ብራና ተፈቷል፤ ጣራው አፍስሶበት፣ አይጥ ቀምሶት። ሄድሁ። ሁለት ቀን ሠራሁ። በሦስተኛው ቀን ጣቶቼ ወስፌ መያዝ አቃታቸው። አቤት የዚያ አገር ብርድ! እኔ የመርሐቤቴ ሰው ነኝ፤ ቆላ አይቼ ያደግሁ። አንድ ወር እዚህ ከተቀመጥሁ የሚደጉሱት እኔን ነው ብዬ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀረብሁ። "መጽሐፉን አጥብቆ የሚጫነው እንጨት ያለው እኔ ቤት ነው። መጽሐፉን ስጡኝና ሁዳዴ ሳይጋመስ ይዤው እመጣለሁ" አልኋቸው።

"ሞተን ነው!" አሉኝ።

ከመሐላቸው አንድ አዛውንት ተነሡ። የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ናቸው፤ ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ቆብ የጫኑ፣ ሰማንያ ያለፋቸው፣ ዓይናቸው የደከመ፣ መጽሐፍን በመዳበስ የሚለዩ ሰው። ዋስ እሆናለሁ አሉ። በምን ዋስ ይሆናሉ ቢባሉ፣ "ይህ መጽሐፍ ተመልሶ እዚህ ቤት እስኪገባ ሥጋ ወደሙ አልቀበልም" አሉና ራሳቸውን ገዘቱ።

እሳቸው ከሰንበት ሰንበት ቁርባን ቀርቶባቸው አያውቅም። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ጤና፣ ያላቸው ነገር እሱ ብቻ ነው። ይህን ሰምቶ መጽሐፉን ታቅፎ የሚሄድ ምን ዓይነት ሰው ነው? የእኔ ዓይነት ነው። ልቤ የሞቀች ክፍሌን እያሰበች ትከሻቸውን ስሜ ወረድሁ።

ቤቴ ገብቼ ሥራውን ጀመርሁ። አይጥ የበላው ሰባት ቦታ ነበር። አሮጌ ብራና የሚጣፈው በአሮጌ ብራና ነው፤ አዲሱ ሲደርቅ ይሸበሸብና የቀረውን ይጎትተዋል። እኔ ዘንድ ያረጀ ብራና አልነበረኝም። ከመጽሐፉ መጨረሻ ግን ጥላሸት ያጠቆረው፣ ባዶ የሚመስል አንድ ቅጠል አገኘሁ። መፋቂያዬን አንሥቼ ሙልጭ አድርጌ ፋቅሁት፤ ከዚያ እየቀደድሁ ጣፍሁበት። አባቴ ነፍሱን ይማረውና "ከመፋቅህ በፊት ወደ ፀሐይ አንሥተህ እይ" ሲለኝ ነው የኖረው። አላየሁም። ቸኩዬ ነበር፣ ሰማዩም ደመና ነበር፣ ብቻ አላየሁም።

የመጨረሻዋን ቁራጭ ለመጣፍ ወደ መስኮት ሳነሣት ብርሃን አለፈባት። መፋቂያዬ ያልጨረሰው የቀለም ጥላ ውስጥ አንድ ቃል ተነበበኝ፦ ወዘፈሐቆ።

ቤተ ክርስቲያን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቃል ምን እንደሆነ መንገር የለብኝም፤ ለማያውቀው ግን ልንገር። በብራና መጽሐፍ መጨረሻ የባለቤቱ ቤተ ክርስቲያን ስም ይጻፋል። ከስሙ ሥር ግዝት ይከተላል፤ ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ለይኩን፤ የሰረቀው፣ የፋቀውም የተወገዘ ይሁን። እንግዲህ እኔ ብልሁ ሰውዬ የፋቅሁት እሱኑ ነው። አትፋቅ የሚለውን ፋቅሁት! መፋቂያው ከእጄ ወደቀ፣ ያን ቀን እህል አልቀመስሁም። ለሚስቴም አልነገርኋት።

መጽሐፉ አለቀ፣ እኔ ግን መሄድ አቃተኝ። እውነት ነው በግጭቱ የተነሣ መንገድ ተዘግቶ ነበር፤ አውቶቡስ አንድ ሰሞን ይወጣል አንድ ሰሞን ይቀራል፣ ስልክም ይጠፋል። ቢሆንም መንገዱ የተከፈተባቸው ቀናት ነበሩ። በእነዚያም ቀናት "እስቲ ትንሽ ይረጋጋ" እያልሁ ቀረሁ። ሁዳዴ አለቀ፣ ፋሲካ አለፈ። አዛውንቱ ፋሲካን ሳይቆርቡ መዋላቸውን እያወቅሁ ዶሮዬን በላሁ።

ግንቦት ሲገባደድ ስልኬ ጮኸ። የአዛውንቱ ልጅ ነበረች። "ጋሼ፣ አባባ ተኝተዋል" አለችኝ። "የሚቀምሱት ነገር የለም። ቄሱ እናቁርብዎ ቢሏቸው መጽሐፉ ሳይገባ አይሆንም ብለው እምቢ አሉ። እባክዎ በሕይወት ሳሉ ይድረሱልን።" አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ዓርብ ነው። መጽሐፉን ማኅደሩ ውስጥ ከትቼ፣ ማንገቻውን በአንገቴ አጥልቄ፣ ከላይ ጋቢዬን ደርቤ አውቶቡስ ተሳፈርሁ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ሐዋርያት ሳስብ የማይፈሩ ሰዎች ይመስሉኝ ነበር። ሥዕል ላይ ዓይናቸው ትልልቅ ነው፣ ሰይፍ አንገታቸው ላይ ሆኖ እንኳ አይርበተበቱም። እዚያ አውቶቡስ ጥግ ላይ ተቀምጬ፣ ብራናው ደረቴን እየተጫነኝ፣ ያሰብሁት ግን ሌላ ሰው ነው። ሐዋርያው ከእስር ቤት ሆኖ ለደቀ መዝሙሩ ሲጽፍ፣ ጢሮአዳ የተውሁትን በርኖስ አምጣልኝ ይላል፤ መጻሕፍቱንም፣ ይልቁንም ብራናዎቹን፤ ከክረምትም በፊት ድረስ ይለዋል። ይህን ገጽ በእጄ ጠግኜዋለሁ። ሽማግሌው እንደኛ ሰው በርዶታል፣ ናፍቋል። ያ ደቀ መዝሙር ግን ብራናውን ተሸክሞ በየኬላው ሲያልፍ ምን ተሰምቶት ይሆን? ሲፈትሹት ምን ብሎ ይሆን? ክረምቱ ሳይገባ ደርሶ ይሆን? መጽሐፉ አይናገርም። አሥራ አራቱን መልእክታት ጠርዤ ስሰፋ ይህን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም ነበር፤ አሁን ግን በየመታጠፊያው አእምሮዬ ውስጥ ይመላለሳል። ካልደረሰስ?

ገደሉን ጨርሰን ሜዳ ስንወጣ አውቶቡሱ ቆመ። መሣሪያ የያዙ ሰዎች ናቸው። ውረዱ ተባልን፣ ተሰለፍን። ፈታሹ ሰው ጋቢዬን ገለጠና ማኅደሩን በጣቱ ነካ አደረገው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

ብራና ይዞ መገኘት ሌባ ያሰኛል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ስም ደግሞ ከመጽሐፉ ላይ የለም፤ በገዛ እጄ ፍቄዋለሁ። "ዳዊት ነው፤ የጸሎት" አልሁ።

"የራስህ?"

"የራሴ።"

አየኝ፣ አየኝና "ጸልይልን" ብሎ አሳለፈኝ። ወንበሬ ላይ ተመልሼ ስቀመጥ ላብ አጥምቆኝ ነበር። እሳት ዳር ሲሞቅ የተጠየቀውን ያንን ሐዋርያ ልጅ ሆኜ ስሰማው እንዴት እናደድበት ነበር! ምናለ አውቀዋለሁ ቢል፣ እል ነበር። አይ ልጅነት።

ቀየት አድሬ ቅዳሜ ጠዋት እህል የጫነ አይሱዙ ላይ ወጣሁ። መንገዱ ያለቀበት ቦታ አወረደኝ። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ጥቂት እንደሄድሁ ጉሙ መጣ። የጓሳ ጉም እንደ ቆላው አይደለም፤ በአንድ ጊዜ ነው የሚውጥህ። ከፊቴ ቀይ ቀበሮ ዘለለ፣ እኔም ዘለልሁ። ዱካው ጠፋኝ። እግሬ ረጅሙን ሣር መጥረግ ሲጀምር የት እንደገባሁ ገባኝ፤ በዚያ ሰሞን ጓሳው የተከለለ ነው፤ ሣሩ እስኪደርስ ከብትም ሰውም አይገባበትም።

"አንተ ሰውዬ! ቁም!"

ሦስት ናቸው፤ የአካባቢው ሰው ተመካክሮ ሣሩን እንዲጠብቁ ያቆማቸው። ሁለቱ ዱላ፣ አንደኛው ጠመንጃ ይዘዋል። ማጭድ ፍለጋ ጋቢዬን ሲገልጡ ማኅደሩ ወጣ። ማጭድ ባገኙ ይሻለኝ ነበር። ፊታቸው ሁሉ ተለወጠ።

"የየት ቤተ ክርስቲያን ነው?" አለኝ ታላቁ።

የምሄድበትን ቤተ ክርስቲያንና ዋስ የሆኑኝን አዛውንት ነገርኋቸው። ከዱላዎቹ አንዱን የያዘው ግን ቄስ ትምህርት ቤት የዋለ ሰው ኖሯል። "ውሸቱን ከሆነ መጨረሻው ላይ ይታወቃል" አለና እጁን በጋቢው ጠራርጎ፣ ተሳልሞ፣ በጥንቃቄ ገለጠው። "እዚህ ላይ ቅጠል ነበር። ተቆርጧል። ማነው የቆረጠው?"

"እንጃ" አልሁት። ምን ልበል? ምላሴ ቀድሞኝ ወጣ። ስገዛውም እንደዚህ ነበር እንደሚል ነጋዴ፣ እንጃ አልሁ።

"በል እግርህን አንሣ። ባለቤት ነው ያልኸው ዘንድ ሄደን እንሰማለን። እሳቸው የእኛ ነው ካሉ ማረን፤ አይደለም ካሉ ለሕግ ነው የምትሰጠው።" መጽሐፉን ታላቁ በአንገቱ አጠለቀው። እኔን ከመሐል አስገቡኝ። ከድንጋጤዬ ሁሉ መሐል አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ሐዋርያውም ሮሜ የገባው በጠባቂ ታጅቦ ነው። ልዩነቱ እሱ ንጹሕ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም ደረስን። ወሬው ቀድሞን ኖሮ ሽማግሌዎቹም ቄሱም አዛውንቱ ቤት ተሰብስበዋል። እሳቸው መደብ ላይ ተኝተዋል፤ የማውቃቸው ሰው ግማሽ እንኳ አልቀረም። በሕይወት ናቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልሁ። ልጃቸው ከራስጌያቸው ሆና "አባባ፣ መጽሐፉ መጣ!" ስትላቸው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

አቀፉት። ቆዳውን ዳበሱ፤ አዲስ ነው። የእንጨት ገበታውን ዳበሱ፤ አዲስ ነው። ከዚያ ገለበጡና ከመጨረሻው ገለጡት። ጣታቸው ያን ቅጠል ፈለገ። ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ፈለገ።

"ይሄ የእኛ አይደለም" አሉ።

ቤቱ ተነሣ። "ሸጦት ነው! ሸጦት ሌላ አምጥቶ ነው!" አለ አንዱ። ከሣር ጠባቂዎቹ አንዱ ክንዴን ያዘኝ። እኔ ግን ክንዴን አላየሁም፤ የማየው እሳቸውን ነው። መጽሐፉን ወደ ጎን አድርገው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። "እንግዲህ ሳልቆርብ መሄዴ ነው" አሉ፤ ለማንም አይደለም፣ ለራሳቸው ነው። ልጃቸው አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ሦስተኛውን ለመዋሸት አፌ ተዘጋጅቶ ነበር፤ አይጥ ነው የበላው ልል። ዶሮ እስኪጮህ ግን አልጠበቅሁም። ተንበርክኬ "አባቴ፣ የእርስዎ ነው! ቅጠሉን የፋቅሁት እኔ ነኝ!" ብዬ ጮህሁ። "ሳላይ ፍቄ ጠግኜበታለሁ። መንገድ ላይም ሁለት ጊዜ ዋሽቻለሁ። ግዝቱ ያለው መጽሐፉ ውስጥ ነው፤ ሰባት ቦታ፣ በሰባቱ ጥፍ ላይ። የመጨረሻዋ ቁራጭ ሳልጨርስ የተውኋት ናት። እባካችሁ ወደ ብርሃን አውጥታችሁ እዩት።"

ቄሱ መጽሐፉን አነሡ። ጥፎቹን እያሳየሁ ገለጥሁላቸው፤ ከችኮላዬ የተነሣ ቅጠሉን ሁለቴ አሳለፍሁት። አንደኛው ምንም የለበትም። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ሙልጭ ያለ ነው፤ ወይ መፋቂያዬ፣ እንዲያ ስስልህ ኖሬ! ሰባተኛዋ ላይ ስንደርስ ቄሱ ወደ በሩ ወጡና ቅጠሉን ወደ ሰማይ አነሡት። ጉሙ ገለጥ ብሎ ነበር። ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ወዘፈሐቆ ውጉዘ ይላል" አሉ።

አዛውንቱ ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። "አምጡልኝ" አሉ። ጣታቸውን በዚያች ጥፍ ጠርዝ ላይ አስኬዱ። "እሱ ነው። መጣ!" አሉና አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ። ጠባቂው ክንዴን ለቀቀኝ።

ልጃቸው በጣሳ ውኃ አቀረበችላቸው። አፋቸውን ዘጉ። "ነገ እቆርባለሁ" አሉ። ቄሱ ሕመምተኛ አይገደድም፣ ትንሽ ይቅመሱ ቢሏቸው አልሰሙም። ያን ጊዜ የያዘኝ ፍርሃት ከኬላውም ከጉሙም የባሰ ነበር። እኔ ባደረስሁት መጽሐፍ ምክንያት በጥም ሊሞቱ ነው፤ በጥቂት ሰዓት ሊያመልጣቸው ነው። ትንፋሻቸው በቆመ ቁጥር ነፍሴ ትቆማለች።

ነጋ። በሕይወት ነበሩ። በቃሬዛ ተሸክመን ወጣን፤ የኋለኛውን ግራ እጀታ ያዝሁ፤ ከፊቴ የያዘው ትናንት ክንዴን የያዘኝ ጠባቂ ነው። ሽባውን ጣራ ቀድደው ያወረዱት አራት ሰዎች ታሪክ ሲነበብ እኔ ዘወትር የማስበው ሽባውን ነበር። ትከሻቸው እንዴት ቆስሎ እንደነበር ያን ቀን ገና አሰብሁ፤ አንዱ ቢሰናከል ኖሮስ! አልተሰናከልሁም። አዛውንቱ ሥጋ ወደሙን ተቀበሉ። እኔ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ በበሩ በኩል አየሁ፤ በዚያ ሁኔታዬ ወደ ውስጥ ለመግባት እግሬ አልታዘዘኝም።

ከቅዳሴ በኋላ አስጠሩኝ። "ያ ደጓሽ የታለ?" አሉ። ድምፃቸው ተመልሷል። "ቅጠሉን አዲስ አበጅተህ ጻፈው። የቤቱን ስም፣ ከሥሩም ግዝቱን።"

"እሺ አባቴ። ግን... የፋቀው የሚለውን ልተወው?"

"ምነው?"

"የፋቅሁት እኔ ነኛ! በገዛ እጄ ራሴን ልገዝት?"

ሳቁ፤ ሳሉም። "ያንተን ቄሱ ንስሐ ሰጥተው ይፈቱሃል። ቃሉን ጻፈው። ይህን ያህል ዘመን ደፍሬ የጠበቅሁት መሰለህ? እሱን ቃል እየፈራሁ እኮ ነው።"

ረቡዕ ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ ዝናቡ ጀመረ፤ ክረምቱ ሊገባ ነው። እኔ ገና ቆዳውን ወጥሬ ማድረቄ ነበር፣ አንድ ፊደል አልጻፍሁም፣ ጣቶቼም እንደ ጥምቀቱ ጊዜ ደንዝዘዋል። ሽማግሌዎቹ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። ታላቁ "ሟቹ ሳይሞቱ አንድ ቃል ትተዋል" አለኝ። "ብርዱ ከበረታበት መጽሐፉን ይዞ ቤቱ ይሂድ፤ ዋስም አትጠይቁት፤ ያ ፈሪ ይመልሰዋል ብለዋል።"

አልወሰድሁትም። ደጃፉ ላይ የበግ ጠጉር ባና ተከናንቤ፣ ጣቶቼን በብብቴ እያሞቅሁ፣ ዘጠኝ ቀን ጻፍሁ። የመጨረሻውን ቃል ስጨርስ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እያልሁ ጠበቅሁና ለአዲሱ የዕቃ ቤት ጠባቂ በሁለት እጄ አስረከብሁት።